ደረጃ የሌለው በረንዳ

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

በረዶው ከጓሮው ለቀቀ። ሐይቁ ግን ገና ነጭ ነው።

የጓሮው የመስታወት በር ዛሬም ወደ ባዶ አየር ይከፈታል። ባለፈው መከር አርቪድ አሮጌውን የእንጨት በረንዳ አፈረሰው። በስብሶ ስለነበር ማፍረሱ ልክ ነበር። «በረዶ ሳይጥል አዲሱን እሠራዋለሁ» አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት ስኒውን ይዞ በሩ ላይ ቆመና «ሊዮና፣ በረንዳችንን ማን አፈረሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱም አብሮኝ ሳቀ።

የፊተኛው በር የሚያወጣው በቀጥታ ወደ አውራ ጎዳናው ነው። ግንድ የጫኑ መኪኖች አይቋረጡበትም። ማክሰኞ ዕለት አርቪድ ፖስታ ላምጣ ብሎ ወጣ። ጎረቤታችን ዱዌን በመኪናው ይዞት ሲመጣ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ነበር። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው ያገኘው። መንገድ ተሳስቶ ነው። ማንም ይሳሳታል።

ልጃችን ካሪን ከሚኒያፖሊስ ደወለች። ዱሉዝ ከተማ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት በመከር አንድ ክፍል ይለቀቃል አለችኝ። «ሴፕቴምበር ላይ እመጣለሁ እማዬ። ያኔ አባዬን አይቼ እንወስናለን።» ክፉ አላሰበችም። ግን ካሪን «እንወስናለን» ካለች ወስናለች ማለት ነው። ይህን ጠባይ ከማን እንደወረሰች አውቃለሁ።

ስለዚህ እስከ ሴፕቴምበር በረንዳ ይኖረናል። አርቪድ ወደ ጎዳናው ሳይወጣ ፀሐይ የሚሞቅበት፣ እኔም በየደቂቃው ዞር ሳልል ሥራዬን የምሠራበት ቦታ። በረንዳው ካለ ዱሉዝ የሚያስኬድ ምክንያት የለም። ለካሪንም በወሬ ሳይሆን በሥራ አሳያታለሁ።

እስከ ዛሬ መዶሻ የያዝኩት ሥዕል ለመስቀል ብቻ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ለጀማሪዎች የተጻፈ መመሪያ ተዋስኩና ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ተማሪዎቼን «ፈተናውን አንብባችሁ ሳትጨርሱ እርሳስ አታንሡ» እል ነበር። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ቅደም ተከተል ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል፦ «ረዳትዎ ሌላውን ጫፍ ይያዝ።»

ሜይ 1

የሥራ ፈቃድ ተገኘ። የከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪ ብሬንት ሶርሊ ነው፤ ጂኦሜትሪ ያስተማርኩት ልጅ። አሁን ጢም አለው። ሥዕሌን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው።

«ሚስስ ኤክሉንድ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥዕል እዚህ ቢሮ ገብቶ አያውቅም።»

«አመሰግናለሁ።»

«ግን... ደረጃው የታለ?»

«ደረጃ የለውም።»

«ሕጉ አያስገድድም፤ ሌላ መውጫ አለዎት። ግን በምን ይወርዳሉ ብዬ ነው።»

«መቀመጫ ነው እንጂ መውረጃ አይደለም።»

ጥያቄው ስህተት ያለበት እየመሰለው እጁን ለማውጣት እንደሚፈራ ተማሪ አየኝ። ከዚያ ፈረመ።

ደረጃ በኋላም ይጨመራል።

ሜይ 10፣ ቅዳሜ

ሲባጎ ወጠርኩ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ዘጠና ዲግሪ የሚያወጡት ሦስቱ ጎኖች። ማዕዘኑ በዕድሜዬ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ እንደነበረው እዚያው ሣሩ ላይ ልክ ሆኖ ወጣ። ደስ አለኝ። ከዚያ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ሳስተያየው የአንድ ጣት ስፋት ጎደለ። ሦስቴ ለካሁ። ጠማማው ቤቱ ነው። መጽሐፉን ገለጥኩ፦ «ቤቱ ቀጥ ያለ ካልሆነ ቤቱን ይከተሉ።» ይህን ምክር ለመቀበል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ዱዌን በአጥሩ ላይ ተደገፈ።

«መሬት ልትቆፍሪ ነው መሰለኝ።»

«ትንሽ።»

«አምስት ጫማ ነው ትንሽ?»

«በክረምት መሬቱ በበረዶ የሚጠጥረው እስከዚያ ድረስ ነው። ከዚያ ከፍ ያለ መሠረት ክረምት ሲመጣ ተነሥቶ ይቆማል ይላል መጽሐፉ።»

«መጽሐፉ አልዋሸም።» ቆቡን አስተካከለ። «ቅዳሜ ሁለት ሦስት ሰዎች ይዤ ብመጣስ? የመቆፈሪያ ሞተር አለችኝ፤ ቆማ እየዛገች ነው።»

«ኧረ ባክህ አትቸገር።»

«እሺ እንግዲህ።»

እንደ ሥርዓቱ ነው የሄደው። በኛ ዘንድ የመጀመሪያውን ግብዣ የሚቀበል የለም፤ ስግብግብ ያሰኛል። ሁለተኛውን ለስለስ አድርገው ይመልሱታል። ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካልከበዳችሁ» ይባልና ሁሉም ሰው እፎይ ይላል። በሦስተኛው እሺ እላለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ብቻ ያን ዕለት አርቪድ ደህና ቀን እንዲሆንለት ነው።

ሜይ 17

ድንጋይ። ከድንጋዩ ሥር ሌላ ድንጋይ። በዲጅኖ እየፈነቀልኩ ዋልኩ። ሳይጨልም አንዱን ጉድጓድ ጨረስኩ።

አርቪድ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፦ «ሊዮና! ማንን ልትቀብሪ ነው?»

«ማንንም።»

«ለማንም እንዲህ አይለፋም።»

ሳቄ መጣ። ቀልዱ የድሮው ቀልድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ሆነ ይባላል?

ሜይ 22

ጉድጓዶቹ አለቁ። ብሬንት መጥቶ ጥልቀታቸውን እስኪያይ ሲሚንቶ መሙላት አይፈቀድም፤ ክፍት መቆየት አለባቸው። በጣውላ ከድኜ ድንጋይ ጫንኩባቸው።

ዛሬ ጠዋት ስነሣ አንደኛው ጉድጓድ የለም። አርቪድ በቧንቧው አጠገብ አካፋውን እያጠበ ነው። አፈሩን መልሶ፣ ጠቅጥቆ፣ ከላዩ ሣሩን እንኳ ቦታ ቦታው መልሶታል። ሲባጎውን መልሼ ባልወጥር ኖሮ የት እንደነበረ አላገኘውም ነበር።

«ሰው ሊገባበት ይችል ነበር» አለኝ።

«ልክ ነህ። ጎበዝ» አልኩት።

ምን ልበለው? የከተማውን መንገድ በክረምት ሲጠርግ፣ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ክፍት ጉድጓድ አይቶ አያልፍም።

እንደገና ቆፈርኩ። እጄ ብዕር አልይዝ ብሏል።

ሜይ 25፣ እሑድ

ብሬንት ዓርብ መጥቶ ባትሪውን ወደ ታች አብርቶ አየና «መጥፎ አይደለም» አለ። በዚህ ከተማ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የዱዌን ሚስት ማርሊስ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ኬኳን በሹካ እየነካካች ብዙ ቆየች።

«ዱዌን ነው የላከኝ እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም።»

«እሱ ነው የላከኝ። ሲሚንቶውን ብቻችሁን እንዴት ታቦካላችሁ ብሎ ነው። ወንዶቹ ይመጣሉ፣ እኔ ድንች በትሪ ጋግሬ እመጣለሁ፤ በአንድ ቅዳሜ አለቀ።»

«እግዜር ይስጥሽ ማርሊስ። ለጊዜው የቻልን ይመስለኛል።»

«ለጊዜው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ማርሊስም ሰምታዋለች፤ ራሷን ነቀነቀች።

በዚህ መሃል አርቪድ ከቄሱ ጋር ሲያወራ አየሁት። ቀጥ ብሎ፣ እየሳቀ። ሰው መሃል ሲሆን እንዴት እንደሚያምርበት! ወደ መኪናው ስንመለስ «ያ ሰውዬ ደግ ነው። ማነው?» አለኝ። ያጋባን ቄስ ነው።

ጁን 2

ሲሚንቶ ሞላሁ። ብቻዬን። ከረጢቱ ከተማሪ ይከብዳል። ውሃ፣ አሸዋ፣ ውሃ። አርቪድ ተኝቶ ነበር። ተመስገን። ወገቤ።

ጁን 7፣ ቅዳሜ

ይህን ጽፌ ካላወጣሁት አይለቀኝም።

ጠዋት የፊት በር ተንኳኳ። ዱዌን ነው፤ ድሪሉን በብብቱ ይዟል። ማርሊስ ከኋላው፣ ትኩስ ትሪ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች።

«ሊዮና፣ መሠረቱን አየሁት። ሳትጠሪን ጨረስሽው አይደል? እንግዲህ ወለሉን የሚሸከሙትን ወራጆች እንኳ እናግዝሽ። ወንዶቹ ሥራ ፈተዋል፤ ዓሣው እንደሆነ ዘንድሮ መንጠቆ አይነክስም። እዚያ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ከሚጣሉ እዚህ መጥተው ቢጣሉ ይሻላል።»

ሦስተኛው ነው። «እንግዲህ ካልከበዳችሁ» የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ደርሶ ነበር ብዬ ደግሜ እጽፋለሁ።

ከኋላዬ በኮሪደሩ የባዶ እግር ኮቴ ሰማሁ። አርቪድ የእሑድ ኮቱን ለብሷል፤ ክራባቱንም አስሯል። ከወገቡ በታች ምንም የለበትም። ፊቱ በእንባ ረጥቧል።

«እማዬ» አለኝ። «ሰውዬው ሊወስደኝ ነው የመጣው?»

ዱዌን ወዲያው አንገቱን ወደ ጫማው ደፋ። ማርሊስ ትሪውን አጥብቃ ያዘች። በሩን ፊቴ ብቻ እስኪታይ ሳብኩት።

«አይ፣ አያስፈልገንም» አልኩ። «በቃ።»

«እሺ እንግዲህ» አለ ዱዌን፤ በጣም ቀስ ብሎ።

ትሪውን ደፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። አርቪድን አለበስኩት፤ አቅፌ አስተኛሁት። ድንቹን በላን፤ ጥሩ ነበር። ትሪውን አጥቤ ከመሸ በኋላ በራቸው ላይ አስቀመጥኩት። አላንኳኳሁም።

ሦስተኛው «አይ» የመጨረሻ መልስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም፤ መድፈር ይሆናል። ሳይጠየቁ እርዱኝ ማለት ደግሞ በዚህ አገር አልተለመደም። ቤቱ ሲቃጠል እንኳ «እሳቱ ካላስቸገራችሁ» ብለን ነው የምንጣራው።

«በቃ» የሚለውን ለምን ጨመርኩ? «አይ» ይበቃ ነበር።

ጁን 15

ማንም አልመጣም። ማርሊስ ከሩቅ እጇን ታወዛውዛለች። ጥፋቱ የነሱ አይደለም።

ገበያ ስሄድ አርቪድን ይዤው እሄዳለሁ። ሽንኩርት ሳነሣ በአንድ እጄ ኮቱን እይዛለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከቀረን ሁለተኛ እሑዳችን ነው። ካሪን ስትደውል የነገርኳት ትንኙ መብዛቱን ብቻ ነው።

ጁን 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ተሸካሚው አግዳሚ፣ በቋሚዎቹ ራስ ላይ የሚጋደመው። ረጅምና እርጥብ፣ እንደ ሬሳ የከበደ። መጽሐፉ፦ «ረዳትዎ ሌላውን ጫፍ ይያዝ።»

ረዳቴ ዛሬ ደህና ነበር። መዶሻ ስሰጠው እጁ ሁሉን ያውቃል፤ ሚስማሩን በሁለት ምት ያሰምጠዋል፤ እኔ ግን አጣምመዋለሁ። «እንደ ቲቸር ነው የምትመቺው» አለኝ። «እያረምሽ።» የጠዋቱ ሰዓት እንደ ድሮ ነበር።

ከዚያ አግዳሚውን አነሣን። የኔ ጫፍ ቋሚው ራስ ላይ ገብቷል፤ ወደ እሱ ጫፍ ሄጄ በትከሻዬ ተቀበልኩትና «እስከማጠብቀው ያዝልኝ» አልኩት። ያዘ። መፍቻውን ለማንሣት ዝቅ ስል ክብደቱ በሙሉ ትከሻዬ ላይ መጣ። ዞር ስል አርቪድ ወደ ቤቱ ማዕዘን እየሄደ ነው፤ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

«አርቪድ!»

«ወዲያው እመለሳለሁ» አለኝ በደስታ።

ብለቀው ይወድቃል፤ ያኛውንም ቋሚ ይዞት ይወድቃል። ብይዘው አርቪድ ጎዳናው ላይ ነው። ቆምኩ። የማርሊስ የሣር ማጨጃ ከአጥሩ ማዶ ይሰማኛል። ሞተሩ ጠፋ። አንድ ቃል ብናገር ይሰማሉ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ሞተሩ እንደገና ተነሣ።

አግዳሚውን ጣልኩት።

አርቪድን የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ አገኘሁት። ባዶውን ሳጥን ከፍቶ ወደ ውስጥ እያየ ነበር። ምንም አልሆነም። አንዱ ቋሚ ተሰንጥቋል፤ ሌላ ይገዛል። ትከሻዬ ጠቁሯል።

ለምንድነው ያልጮህኩት? ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቀኝ «የምታውቀውን በመጻፍ ጀምር» እለው ነበር። የማውቀው፦ ዱዌን አይቶታል። ማርሊስ አይታዋለች። ገመናዬን ያዩ ሰዎችን እርዳታ ብጠይቅ እንደገና እንዲያዩት መጋበዜ ነው። ከዚህ በላይ አልሄድኩም።

ጁላይ 6፣ እሑድ

ካሪን ለነጻነት ቀን በዓል መጥታ ዛሬ ተመለሰች። አርቪድ ሁለቱንም ቀን ግሩም ነበር። ሰልፉን አየ፤ ርችቱን አልፈራም። ስሟን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳተው፤ በእህቱ ስም ጠራት። ካሪንም ዝም ብላ «አቤት» አለችው።

ወራጆቹ ሁሉ ቦታቸው ገብተዋል። አግዳሚውን በመኪና ክሪክ አንሥቼ አስገባሁት። መጽሐፉ ላይ የለም፤ የራሴ ዘዴ ነው።

ትናንት ከሰዓት ካሪን ወራጆቹ አጠገብ ቆማ ከባሏ ጋር በስልክ ስታወራ ኩሽና ሆኜ ሰማሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ለመስማት ብዬ አይደለም።

«አባዬ ደህና ነው፤ እንዲያውም ይስቃል። እናቴ ናት። አጥንቷ ቀርቷል... አዎ፣ ብቻዋን። ማንንም አታስገባም... በረንዳውማ ያምራል። ግን ደረጃ የለውም... አይ፣ አልረሳችውም። እናቴ ነገር ረስታ አታውቅም።»

የከሳሁት በሥራ ነው። በሥራ መክሳት ጤና ነው።

ስትሄድ መኪናው አጠገብ «እማዬ፣ ደረጃው መቼ ነው?» አለችኝ።

«በኋላ ይጨመራል።»

ትከሻዬን አቀፈችኝ። ላለመጮህ ጥርሴን ነከስኩ።

ጁላይ 27

ርብራቡ አለቀ። ጣውላ፣ ክፍተት፣ ጣውላ፣ ክፍተት። መጽሐፉ በየመካከሉ የአንድ ሚስማር ውፍረት ተዉ ባለው መሠረት በሚስማር እየለካሁ ተውኩ። ያላሰብኩት ነገር፦ ጣውላው ከመጋዘን የመጣው ውሃ እንደጠጣ ነው። ሲደርቅ ይኮማተራል። አሁን ክፍተቱ ትንሿን ጣቴን ያስገባል። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ የተለካው ነገር ነው የተለወጠው።

ለማየት ከሥር ጎንበስ ብዬ ገባሁ። አርቪድ በሩ ላይ ወንበር አድርጎ ሥራዬን ከሚያይበት ቦታ ሥር አፈሩ ላይ ነጫጭ ነገር ተበትኗል። ዘር መስሎኝ አነሣሁት። ኪኒኖቹ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በእጁ ሰጥቼው፣ ውሃ ሰጥቼው፣ ሲውጥ አይቼው ነበር። ያየሁ መስሎኝ ነበር ልበል እንጂ።

ኦገስት 10፣ እሑድ

መከታው አለቀ። ዙሪያውን ሁሉ፤ ከወገብ ከፍ ይላል። በዘንጎቹ መካከል የሕፃን ጭንቅላት አያልፍም፤ የውሃ ልኩ አረፋም መሃል ላይ ይቆማል። ብሬንት መጥቶ በሁለት እጁ ነቀነቀውና «ኧረ ይሄስ ጥሩ ነው!» አለ። «ጥሩ» ሲል ከአንደበቱ አምልጦት ነው፤ ጆሮው ቀላ።

አርቪድን አወጣሁት። እጁን መከታው ላይ አድርጎ በዳር በዳር ሄደ። ማዕዘኑ ላይ ዞረ፤ ሄደ፤ ዞረ፤ ግድግዳው ጋ ደረሰ። ተመለሰ። ሐይቁን አየ። እንደገና ዞረ።

«ወዴት ነው የሚወረደው?»

«አይወረድም አርቪዴ። እዚሁ ቁጭ በል፤ ፀሐይ ነው።»

ተቀመጠ። ተነሣ። ዞረ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሊዮና፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ።

ነገ ወንበሮቹን ቀለም እቀባለሁ።

ኦገስት 16፣ ቅዳሜ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ቁርስ ከበላን በኋላ ርብራቡን ልጠርግ ወጣሁ። አርቪድ ውስጥ ነበር። ከኋላዬ በሩ ሲንሸራተት ሰማሁ፤ «ብርድ ገባ» ሲልም ሰማሁ። ከዚያ ቀጭን እንጨት ሐዲዱ ላይ ሲወድቅ። የመጥረጊያ እጀታ ቆርጦ በበሩ ሐዲድ ላይ ማስተኛት ከተጋባን ጀምሮ ልማዱ ነው፤ ሌባ እንዳይከፍተው። ሌባ ግን በዚህ ከተማ የለም።

መስታወቱን አንኳኳሁ። ዞሮ አየኝ። ልክ በር ላይ የቆመች የማያውቃትን ሴት እንደሚያይ፣ በትህትና። እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያ ኮቱን ከማንጠልጠያው አነሣና በኮሪደሩ ወደ ፊት በር ሄደ።

መከታውን ያዝኩ። እግሬን ላነሣ ሞከርኩ፤ ከወገቤ በላይ ነው፤ አልደረሰም። በዘንጎቹ መሃል ልወጣ አልችልም፤ አልፎ እንዳይወጣ ለክቼ የሠራሁት እኔ ነኝ። ወደ ታች አየሁ። ደረጃ የለም።

የፊት በር ሲከፈት ሰማሁ። ከኮረብታው ወዲያ ግንድ የጫነ መኪና ማርሽ ሲቀይር ሰማሁ።

«ዱዌን!» ብዬ ጮህኩ። «ማርሊስ! እርዱኝ! አርቪድ ወጣ! በፊት በር! እርዱኝ!»

ድምፄን አላወቅኩትም። ዱዌን ከመጋዘኑ በካልሲ ወጥቶ ሮጠ። ማርሊስ ግን ቀደመችው፤ ያን ያህል መሮጥ ትችላለች ብዬ አስቤ አላውቅም። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ረጅም ነበር ጥሩምባው። መከታውን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይዤዋለሁ!» አለች ማርሊስ። «ሊዮና፣ ይዤዋለሁ! ፖስታ ሊያመጣ ነው!»

ዱዌን መሰላል አምጥቶ አስደገፈ። ወጥቶ ጭንቅላቱ ብቻ ከመከታው በላይ ብቅ አለ። ርብራቡን አየ፤ ማዕዘኖቹን አየ።

«መጥፎ አይደለም» አለኝ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ደረጃ የለውም» አልኩት።

«አየሁ።» ፊቱን አሸት አሸት አደረገ። «እንግዲህ... ቅዳሜ ሁለት ሦስት ሰዎች ይዤ ብመጣና ደረጃ ብንሠራለትስ?»

«እሺ» አልኩ።

መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ።

«እሺ?»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

«እንዲሁ... እሺ?»

«ዱዌን፣ አውርደኝ።»

ኩሽና ውስጥ ማርሊስ ለአርቪድ ዳቦ አቅርባ ቅቤ ትቀባለት ነበር። ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። እማዬ ያለኝን፣ ኪኒኑን፣ ዱሉዝን። «ደረጃ ከተሠራ ይሄዳል» አልኳት።

«ይሄዳል። አሁንስ ቀረ?» ቅቤውን ወደ ጎን አደረገች። «ሊዮና፣ እናውቃለን እኮ። ከክረምት ጀምሮ ነው የምናውቀው። ዱዌን መኪናውን መንገዱ ዳር የሚያቆመው ለምን ይመስልሻል? አርቪድ ቢወጣ ቶሎ እንዲይዘው ነው፤ አንቺ እስክትነግሪን እየጠበቅን ነበር።»

«ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«ሦስቴ ጠየቅንሽ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ አርቪድም ዳቦውን ከሁለት ቆርሶ አካፈለን።

ኦገስት 23፣ ቅዳሜ

ሰባት ሰው መጣ፤ መጋዞቹ ከሰዎቹ ይበዛሉ። ስለ ደረጃው ቁመት ተከራከሩ። እኔ አሰላሁት፤ ክርክሩ አለቀ። ብሬንትም መጥቶ ነበር፤ በሥራ ልብስ አይደለም። አርቪድ ሚስማር ሲመታ ቆመው አዩት። ማንም አልቸኮለም። መከታውን ዘንግ በዘንግ የገጠምኩበትን ቦታ ዱዌን ሲቆርጠው ፊቴን አዞርኩ።

ማታ ለካሪን ደወልኩ። ብዙ አወራን። ብዙውን እኔ ነኝ ያወራሁት።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ

ካሪን ትናንት ገባች። ክፍሉን ለጊዜው ለሌላ ሰው ልቀቁት ብላ ዱሉዝ እንደደወለች ነገረችኝ። «እስከ ጸደይ እንየው» አለች። አላመሰገንኳትም፤ እጇን ግን ያዝኩ።

ዛሬ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር። አርቪድ ተነሣና ወደ ደረጃው ሄደ። አንዱን ረገጠ፤ ቆመ፤ ሌላውን ረገጠ። ሣሩ ላይ ደረሰ። ካሪን ብድግ አለች።

«ተቀመጪ» አልኳት።

በአጥሩ ማዶ ማርሊስ የውሃ ቱቦዋን ጣለች፤ የአጥሩን በር ከፍታ ወጣችና ከጎኑ ሆነች። ክንዱን አልያዘችውም። ስለ ቲማቲሞቿ ነበር የምታወራው፤ አርቪድም እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ሁለቱም በሐይቁ ዳር ዛፎቹን ይዘው ሄዱ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለች ካሪን።

«አላውቅም» አልኳትና ወንበሬን ወደ ፀሐይ አዞርኩት።